ብርቱካኖቹ ፆም ላይ ነበሩ

የበደለኝ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። የበደለኝ መርሳ ላይ ለመናኸሪያ የሚሆን ቦታ በተለካበት ዓመት፣ በየካቲት፣ ከዙሁር ሶላት በፊት፣ የብርቱካን ማሳዬ መሀል ቆሞ ነው። ስሙን አልጽፍም። የሚያውቁት ያውቁታል፤ ለማያውቁት ደግሞ ስሙ የሚጨምርላቸው ነገር የለም። ዛሬ ሰው ሁሉ «ሐጂ» ይለዋል። እኔ ምንም አልለውም።

የምጽፈው መጠየቁ ስለሰለቸኝ ነው። ሠርግ ቤትም ልሂድ ሐዘን ቤት፣ አጠገቤ ተቀምጣ ጉልበቴን ነካ የምታደርግ ሴት አትጠፋም። «አንቺ፣ እስካሁን ከልብሽ አልወጣም?» ትለኛለች። ከዚያ ሁላችንም ሟች መሆናችንን ታስታውሰኛለች። ሟች መሆኔን አውቃለሁ፤ ጉልበቴ በየጧቱ ይነግረኛል። በአፍ ልመልስ ስል ነገሩ ይበዛብኝና እተወዋለሁ። አንድ ጊዜ በጽሑፍ አስቀምጬው ልረፍ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ አስተማሪ ነበርኩ። ባሌ ገበሬ ነበር። እሱ ሲሞት ጓሮው ወደ እኔ መጣ። ከአስፋልቱ ወረድ ይላል፤ በላይ በኩል የመስኖው ቦይ ያልፋል፣ በአንድ ጎን የቤታችን ግድግዳ፣ በታች በኩል የባሌ ወንድም አጥር። መሀሉ ብርቱካን፣ ዳር ዳሩን ማንጎና ዘይቱን። መሬቱ አንድ ነበር፤ አባታቸው ከመሞቱ በፊት ለሁለት ከፍሎ የላይኛውን ለባሌ፣ የታችኛውን ለታናሹ ሰጠ። ባሌ ሲሞት ቀብሩን ያስፈጸመው፣ ሰዉን የተቀበለው፣ ድንኳኑን የተከለው ይኸው ታናሹ ነው። ይህን የጻፍኩት ለእሱ ብዬ አይደለም። ደበቀች እንዳይሉኝ ነው።

ብርቱካን አሳድጎ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ብርቱካን ውሃ ሳይቋረጥበት ከከረመ ቅጠል ብቻ ነው የሚያበዛው። ይለመልማል፣ ያምራል፣ ፍሬ ላይ ግን ይሰንፋል። ስለዚህ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ በበጋው ውሃ ይከለከላል። ቦዩ አጠገቡ እየፈሰሰ እሱ አይቀምስም። ቅጠሉ መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ይጠቀለላል፣ ከፊሉም ይረግፋል። የማያውቅ ሰው ሲያየው ሞቷል ይላል። ባለቤቱ ግን ሥሩን ዙሪያውን ይኮተኩታል፣ ፍግ ያለብሰዋል፣ ቅጠሉን በጣቱ እያሸ ቀኑን ይጠብቃል። ቀኑ ሲደርስ ቦዩን ከፍቶ እስኪጠግብ ያጠጣዋል። ብዙም ሳይቆይ ዛፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ አበባ ይለብሳል፤ ሽታው አስፋልቱ ላይ መኪና ለሚያሳድር ሹፌር ይደርሳል።

በእኛ ቦይ ይህን «ፆም ማስያዝ» እንለዋለን። የመጀመሪያውን ውሃ ደግሞ «ማስፈጠር»። ባሌንም ታናሹንም ያስተማራቸው አባታቸው ነው። ሁለቱ ቅጠል እያሹ ሲጨቃጨቁ ከቤት ሆኜ እሰማቸው ነበር። ባሌ «ገና ነው» ይላል። ታናሹ «ምን ገና ነው፣ ልትገድለው ነው እንዴ?» ይላል። ባሌ ጨካኝ ነበር፣ በብርቱካን ላይ። የታናሹ አንጀት ቶሎ ይራራ ነበር። ያኔ እንዲያ ነበር።

ውሃው ደግሞ በተራ ነው። ከቦዩ የሚጠጣ እያንዳንዱ ጓሮ የራሱ ተራ አለው፤ ተራውን የሚያከፋፍለው እኛ የመረጥነው ሽማግሌ የውሃ አባት ይባላል። አንድ ዓመት ተራው ከራስጌ ይጀምራል፣ በሚቀጥለው ከግርጌ። ያ ዓመት የግርጌ ነበር። ስለዚህ የባሌ ወንድም ብርቱካኖች ቀድመው አፈጠሩ። የእኔዎቹ ገና ፆም ላይ ነበሩ።

ችካሎቹ የተተከሉት በዚያው ሰሞን ነው። ቀይ ቀለም የተቀቡ ናቸው። አንደኛው ከጓዳዬ መስኮት ፊት ለፊት ነበር፤ ሽንኩርት ስከትፍ አየው ነበር። መናኸሪያው በአስፋልቱ ዳር መጥበቡንና ከተማው ማደጉን ነገሩን። አዳራሽ ተጠራን። መድረክ ላይ ያለው ሰውዬ «የልማት ተነሺዎች» ሲለን ቀና ብዬ አየሁ፤ ከዚያ በፊት እንደዚህ ተብዬ አላውቅም። አትክልት ያለው መሬት የሚነሳበት ሰው ምትኩን እዚያው ቦይ ሥር እንደሚያገኝ፣ የውሃ ተራውም ይዞት እንደሚሄድ ተነገረን። ደረቅ ተብሎ የተመዘገበ መሬት ምትኩም ደረቅ ነው፣ ተራውም ለቦዩ ይመለሳል። ካሳ አላስፈለገኝም አልልም። እኔን የያዘኝ ግን ተራዬ ነበር። ዛፍ እንደገና ይተከላል። ያለ ውሃ ግን እዚህ አገር ተክሎ ምን ይደረጋል?

ገማቾቹ ሲዞሩ አብሯቸው የሚሆን አንድ የሕዝብ ተወካይ ምረጡ ተባልን። የባሌ ወንድም ስም ተጠራ። መሬቱ ከችካሉ ውጭ ስለሆነ አይነሳም፣ አያዳላም ተባለ። እኔም እጄን አወጣሁ።

ኮሚቴው የመጣ ቀን ጧት ግቢውን ጠርጌ ነበር። አንድ ወጣት ባለሙያ፣ አንድ ሜትር ያዥ፣ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ዝምተኛ ሰውዬ፣ አራተኛው የባሌ ወንድም ነው፤ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ። ሰላም አለኝ። ለቤቱ ግድግዳና ለቆርቆሮው አልተከራከርኩም። ወደ ማሳው ገባን።

ባለሙያው አንዱን ቅርንጫፍ ይዞ ወዘወዘው። ቅጠል ረገፈ።

«እናታችን፣ ይሄ እኮ ደርቋል» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ያዘነልኝ ይመስል ነበር።

«አልደረቀም። ፆም ላይ ነው» አልኩት።

ሜትር ያዡ ሳቀ። «ዛፉም ይፆማል እንዴ እዚህ አገር? ረመዳን እኮ ገና ነው እማማ።»

«ለአንተ ገና ነው» አልኩት። ባለሙያውም ፈገግ አለ።

አስረዳሁ። ሥሩ ዙሪያ የተኮተኮተውን አፈር፣ የተደረገለትን ፍግ አሳየሁ። ለሞተ ዛፍ ማን ፍግ ይሸከማል አልኩ። ባለሙያው ይሰማኝ ነበር። ከዚያ በአጥሩ ላይ አሻግሮ አየና «ታዲያ ያ ጓሮ እንዴት ለመለመ?» አለ። ወዲያ ማዶ ብርቱካኑ ሁሉ በአበባ ነጭቷል። ንቡ ይሰማ ነበር።

«ያ አፍጥሯል። ዘንድሮ ተራው ከግርጌ ስለጀመረ ነው። የእኔ ተራ በሚመጣው ሳምንት ነው።»

«የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለ የባሌ ወንድም።

«እንግዲያው እርስዎ ያውቁታል» አለ ባለሙያው፤ በእውነት የተደሰተ መሰለኝ። «እሳቸው የሚሉት እውነት ነው? ይሄ ውሃ ሲያገኝ ይመለሳል?»

የባሌ ወንድም አየኝ። ቀጥሎ ጫማውን አየ። ጫማው ላይ ምንም አልነበረም። «እንግዲህ» አለ፣ «እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። ባለሙያው በዓይኑ ያየውን ይጻፍ።»

ያለው ይህን ብቻ ነው። ነገሩን የሚያቀልሉልኝ ሰዎች አሉ፤ «ደረቅ ነው አላለም እኮ» ይሉኛል። አላለም። ደረቅ ነው ቢል ውሸታም ብዬው እዚያው እንጨርስ ነበር። የቅርንጫፉን ቅርፊት ልጬ ውስጡ አረንጓዴ መሆኑን ላሳያቸው ቢላ ልወስድ ወደ ቤት ሮጥኩ። ስመለስ አልፈው ማንጎው ጋ ደርሰዋል፤ ብርቱካኑ ተጽፎ አልቋል። ቢላውን ይዤ መሀል ማሳው ላይ ቆምኩ። ሜትር ያዡ ዞር ብሎ «እማማ፣ ቢላውን ያስቀምጡት፣ ያስፈራሉ» አለኝ።

በማግሥቱ ጧት ወደ እሱ ሄድኩ። ከአጥሩ ወዲያ በአካፋ ውሃ እየመራ ነበር። ቁምጣውን ታጥቆ እግሩ ጭቃ ውስጥ ነው።

«እታለም፣ ነይ፣ ጥላው ውስጥ ተቀመጪ» አለኝ። ባሌን ካገባሁ ጀምሮ እታለም ነው የሚለኝ።

«ቆሜ ይሻለኛል። ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ዝም አልኩ? ተናገርኩ እኮ።»

«የተናገርከውንማ ሰምቻለሁ።»

«እኔ የሁሉም ተነሺ ተወካይ ነኝ። ለወንድሙ ሚስት ሲል ዋሸ ቢሉኝስ?»

«ብርቱካን ይፆማል ብትል ነው ዋሸ የሚሉህ? ይሄ የቆምክበት ጭቃ ምንድን ነው?»

አካፋውን ወደ ሌላው ትልም አዞረ። ውሃው እግሬ አጠገብ አለፈ። «ሰው ክፉ ነው እታለም። አንቺ ቤት ውስጥ ሆነሽ አታውቂውም» አለኝ። ሳስተምር የኖርኩትን ሴትዮ ነው ቤት ውስጥ ሆነሽ የሚለኝ። ዞሬ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከእሱ ጋር የተነጋገርነው ይኸው ብቻ ነው።

ለምን እንደሆነ የነገረኝ የውሃ አባት ነው፤ እሱም ሳይናገር። ተራዬ የሚደርስበት ቀን ዋዜማ ወደ ቤቴ መጣ። ሽማግሌ ነው፤ ዱላውን ደጃፍ ላይ አስደግፎ አረፍ አለ።

«እናቴ፣ ነገ ውሃ የለሽም» አለኝ።

«እንዴት ሆኖ አያ? ተራዬ ነው።»

«በተገመተ መሬት ላይ ምንም እንዳይሠራ ብለዋል። ከግምት በኋላ እያለሙ ካሳ ያስጨምራሉ ነው የሚሉት።»

«ውሃ ማጠጣት ማልማት ነው?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? አካፋውን የያዝኩት እኔ፣ ትእዛዙን የያዙት እነሱ።»

«ካልጠጡ እኮ በእውነት ይሞታሉ። ፆሙ ካለቀ በኋላ ማቆየት መግደል ነው፤ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ደረቅ ሆኖ ከጸናስ፣ ተራዬ የት ይሄዳል?»

«ወደ ቦዩ።»

«ከቦዩስ?»

በአገጩ ወደ ታች አመለከተኝ። ወደ አጥሩ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው የባሌ ወንድም ጓሮ ነው፤ የወደቀ ተራ ቀጥሎ ላለው ይወርዳል፤ ደንቡ ከአባቶቻቸው የመጣ ነው። እኔ ግን እስከዚያ ሰዓት ድረስ አላሰብኩትም ነበር። የውሃ አባት ዱላውን አንስቶ «እኔ ምንም አልተናገርኩም» ብሎኝ ሄደ። እሱም እንደዚያ ነው። ያ ሰሞን የማይናገር ሰው በዝቶ ነበር።

ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ አንድ ብርቱካን ነበረች፤ ከሁሉም አጭሯ። ቦዩን ከከለከሉኝ በኋላ ውዱእ የማደርገው እሷ ሥር ሆነ። ለየሶላቱ የምታጠብበት፣ እህል የማጥብበት፣ ልብስ የማለቀልቅበት ውሃ እየተጠራቀመ እሷ ሥር ይፈስ ነበር። ለሌሎቹ የሚበቃ አልነበረም። ከቦኖ በጄሪካን ላስመጣ ሞክሬ ነበር፤ ባለ አህያው ሁለተኛ ቀን ላይ «እማማ፣ እርስዎ የሚፈልጉት አህያ ሳይሆን ዝናብ ነው» ብሎኝ ቀረ። ልክ ነበር።

አቤቱታዬን ይዤ ወልድያ ሄድኩ። ጧት ከመርሳ ሚኒባስ ይዤ፣ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጬ፣ የምናገረውን በልቤ እያጠናሁ። አንድ ቀን የአቤቱታ ሰሚው ሰብሳቢ ስብሰባ ላይ ነው። ሌላ ቀን መብራት የለም። ሌላ ቀን ማኅተሙን የያዘችው ልጅ ለቅሶ ሄዳለች። የቢሮው ዘበኛ አየት ያደርገኝ ነበርና አንድ ቀን ጠጋ ብሎ «መምህርት አይደሉ እንዴ? እኔን እኮ ገርፈውኛል፣ ሦስተኛ ክፍል» አለኝ።

«በምን ገረፍኩህ?»

«በማስመሪያ።»

«በምን ጥፋት ማለቴ ነው።»

«እሱን ረስቼዋለሁ፤ ማስመሪያውን አልረሳሁም» አለና ከጎጆው ወንበሩን አውጥቶ ሰጠኝ። እዚያ ግቢ ውስጥ ወንበር የሰጠኝ እሱ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ሰብሳቢው ተቀበሉኝ። አነጋገራቸው ለስላሳ ነበር። «እማማ፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ያውቃሉ» አሉኝ።

«አስተምሬዋለሁ» አልኳቸው። «መሬቱን አልጠየቅኩም። ብርቱካኑ የማን ነው?»

«ብርቱካኑማ የእርስዎ ነው። በላብዎ ያፈሩት ንብረት ነው፤ ሕጉም ይጠብቀዋል።»

«የሚጠብቀው ሕግ ካለ እንግዲህ አንድ ሰው ይላክ፣ ብርቱካኑ ውሃ ይጠጣና ይታይ። ከጠጣ በኋላ ካላበበ ደረቅ ነው ብዬ እፈርማለሁ።»

«ከግምት በኋላ ውሃ ማጠጣት አይቻልም።»

«ውሃ ካልጠጣ አያብብም።»

«ካላበበ ደግሞ በግምቱ መሠረት ደረቅ ነው» አሉ። ሲናገሩ ራሳቸውም ሰሙት መሰለኝ፤ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ቢሆንም ሰው እልካለሁ አሉኝ። ይህን አልክድባቸውም፣ ላኩ።

የተላኩት ሲመጡ የግድግዳዋ ብርቱካን አብባ ነበር። ከታች እስከ ላይ ነጭ። ከኋላዋ ያሉት በሙሉ ቡናማ ሆነው ቆመዋል፤ እነዚያ አሁን ፆም ላይ አልነበሩም፣ እየሞቱ ነበር። ልቤ ግን ሞቅ አለ። ከዚህ በላይ ማስረጃ ምን አለ? አንድ ጓሮ፣ አንድ ዘር፣ አንድ አፈር። የጠጣችው አበበች። አየር ላይ ሽታው ነበር፤ ያንን ማንም መካድ አይችልም።

የመጡት ሁለት ነበሩ። የባሌ ወንድምም ተወካይ ስለሆነ መጣ፤ ከአጥሩ አጠገብ ቆመ። ትልቅየው ዛፏን ዞሮ ዞሮ አያት። አበባ ቀጥፎ አሸተተ።

«ይቺ በሕይወት አለች» አለ።

«አዎ» አልኩት።

«ስሕተት ተሠርቷል፣ እናስተካክላለን።» ጓደኛውን ዞሮ «አንድ፣ ፍሬ የሚሰጥ፣ ብለህ ጻፍ» አለው።

መጀመሪያ አልገባኝም። «ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ ደረቅ ናቸው እማማ። እያየናቸው።»

«ይቺ ውሃ ስላገኘች እኮ ነው።»

«እሱን ነው ያስተካከልንልዎት» አለኝ። በሥራው የረካ ሰው ነበር። ከዚያ ለወጉ ወደ አጥሩ ዞሮ «ተወካዩ የሚጨምሩት አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ሁለተኛ ጊዜ ተጠየቀ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ድንጋጤ ነው ብል እንኳ ይህ ድንጋጤ አልነበረም፤ ሳምንታት አልፈዋል፣ አስቦበታል፣ ከአጥሩ ወዲያ የእሱ ብርቱካን ፍሬ ይዞ ነበር። «ያያችሁት በቂ ነው» አለ።

አንድ ዛፍ ማሳ አያሰኝም ተብሎ መሬቴ ደረቅ ሆኖ ጸና። የቦዩ ሰዎች እንደ ልማዱ ወንዙ ዳር ተሰበሰቡ። ሴት ብዙም አይገኝም፤ እኔ ተገኘሁ። የውሃ አባት መሬት መሬት እያየ ተራዬ ወደ ቀጣዩ መውረዱን ተናገረ። ማንም አልተቃወመም። አንድ ሽማግሌ «ያው ከወንድም ቤት አልወጣም፣ ሐምዱሊላህ» አለ። እኔን ለማጽናናት ነው። የባሌ ወንድም አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሲመቸው አንገቱ ቶሎ ይደፋል።

ዛፎቹን ሲቆርጡ እዚያው ነበርኩ። ዳር ካሉት የአንዳንዶቹ ግንድ ገና እርጥብ ነበር፤ መጋዙ ላይ ጭማቂ ነበር። መጋዝ ያዡ ቀና ብሎ አየኝና ሥራውን ቀጠለ። የግድግዳዋንም ቆረጧት፤ ፍሬዋ ገና እንደ ሽምብራ ነበር።

ምትክ ቦታዬ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው በኩል ከአስፋልቱ በላይ ያለ ጠጠራም ዳገት ነው። ሁለት ክፍል ሠርቻለሁ። ውሃ ከቦኖ ነው፤ ቦኖው ሲመጣ ይመጣል። ደሴ ያለችው ልጄ ነይ አብረሽኝ ኑሪ ትለኛለች። አልሄድኩም። መናኸሪያው አልተሠራም። መጀመሪያ ጦርነቱ መጣ፣ ከዚያ በጀት የለም ተባለ። ቦታው በቆርቆሮ ታጥሮ ቆሞ ቆርቆሮውን ሰው ወሰደው፤ አሁን ፍየል ይግጥበታል። መርሳ ስወርድ በዚያ በኩል አላልፍም፤ መንገዱ ቢያጥርም። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጓሮ ግን በሁለት ጓሮ ውሃ እየጠጣ ነው። ብርቱካኑ እስከ ሐራና ወልድያ ገበያ ይወጣል። ሻጭዋ «የመርሳ ነው እማማ፣ ማር ነው» ስትለኝ አውቃለሁ እላታለሁ፤ ሎሚ ገዝቼ እመለሳለሁ።

ባለፈው ዓመት ወደ መካ ሊሄድ ሆነ። ሐጅ የሚሄድ ሰው የበደለውን ሁሉ ይቅርታ ጠይቆ መውጣት አለበትና ቤት ለቤት ዞረ። ዳገቱን ሲወጣ ከሩቅ አየሁት፤ በየድንጋዩ ላይ አረፍ ይላል። አርጅቷል። ደረሰ፣ አስቀመጥኩት። ከጄሪካኑ ውሃ ቀድቼ ሰጠሁት። ጠጣ። ድጋሚ ሰጠሁት፣ ጠጣ።

«ወጪ ነኝ እታለም። አውፍ በይኝ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ያወቅሁትንም ያላወቅሁትንም።»

«ያላወቅከውን ትቼልሃለሁ። ያወቅከውን ንገረኝ።»

ኮፍያውን አወለቀና መልሶ አደረገው። «የቆየ ነገር ማንሳት ምን ያደርጋል? ሰው ሁሉ አውፍ ብሎኛል እኮ።»

«ሰው ሁሉ ብርቱካን አልነበረውም።»

«አንቺም እንግዲህ...» ብሎ ተወው። እጁ ላይ ያለውን ብርጭቆ ያየው ነበር። ጠበቅኩት። እውነቴን ነው፣ ጠበቅኩት። አንድ ቃል ቢለኝ፣ «ፆም ላይ እንደነበሩ አውቅ ነበር» ቢለኝ፣ እኔም ደክሞኛል፣ እተወው ነበር። ተራዬን መልስ አልለውም ነበር፤ በዚህ ጉልበት አካፋ አልይዝም። ጫማውን አየ። በዚህ ጊዜ አቧራ ነበረበት፤ ከዳገቱ።

«በወንድሜ ይዤሻለሁ» አለኝ።

«ወንድምህን ተወው። ተኝቷል።»

ተነሣ። እስከ ደጅ ሸኘሁት። «በሰላም አላህ ያድርስህ» አልኩት። ይህን ብያለሁ። ሌላውን አላልኩም። በሰፈሩ የሚወራው ሁሉ ከዚህ ተነሥቶ ነው፤ ሐጅ የሚሄድን ሰው ባዶ አፍ ሸኘች ይላሉ። ውሃ ሁለት ጊዜ ሰጥቼዋለሁ።

ሄዶ በደህና ተመለሰ። ሰዉ ሁሉ ሊጠይቀው ሲሄድ እኔ አልሄድኩም። በሳምንቱ ሴት ልጁን ላከብኝ፤ ቴምርና በትንሽ ጠርሙስ የመካውን ውሃ፣ ዘምዘም። «አባዬ ለእታለም በእጇ ስጫት ብሎኛል» አለችኝ። ልጅቷ ምንም አላደረገችኝም፤ ተቀበልኳት፣ ሻይ አጠጣኋት።

ቴምሩን ለጎረቤት ሰጠሁ። ከድሮው ጓሮ ከለቀምኩት የመጨረሻ ብርቱካን ዘር በዘይት ጣሳ ውስጥ የበቀለ አንድ ችግኝ አለኝ፤ ዘምዘሙን እሱ ሥር አፈሰስኩት። ጠርሙሱን አጥቤ የወጥ ዘይት ጨመርኩበት።